ለሳልሚያ ባሕር የሚበጀው ነፃ ቀዘፋ የትኛው ነው?

ሳልሚያ የኩዌት ሰላጤ ከሰፊው ባሕረ ሰላጤ ጋር በሚገናኝበት በራስ አል-አርድ ዳርቻ ላይ የተመሠረተች ናት። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ወደዚህ ዳርቻ ወርዶ ረጅም ርቀት ለመዋኘት የሚሻ ሰው፣ በገንዳ የተማረው ነፃ ቀዘፋ በባሕሩ ላይ እንዳለ እንደማያገለግለው ፈጥኖ ይረዳል። ገንዳ በየ25 ወይም በየ50 ሜትሩ የሚገፉት ግድግዳ፣ ከወለሉም የሚከተሉት ጥቁር መስመር አለው፤ ባሕር ሁለቱንም አይሰጥም።

የመጀመሪያው ልዩነት ጨው ነው። የውቅያኖስ ውኃ በአንድ ኪሎ ግራም 35 ግራም ያህል ጨው ሲይዝ፣ የዚህ ባሕረ ሰላጤ ውኃ 40 ግራም ገደማ ይይዛል። በላንጋኖ ወይም በጣና ዋና የተማረ ሰው እግሩ ሳይለፋ ወደ ላይ ሲነሣለት ይደነቃል። ስለዚህ ሁለቱ ክንዶች አንድ ዙር በቀዘፉ ቁጥር እግርን ስድስት ጊዜ መምታት ለአጭር ርቀት እንጂ ለዚህ አያዋጣም። የጭን ጡንቻ ብዙ አየር የሚበላ በመሆኑ ሁለት ምት ይበቃል።

ስለ ክንድ የሚደረገው ክርክር ግን ከዚህ ይበረታል። ከእያንዳንዱ ቀዘፋ በኋላ እጅን ዘርግቶ መንሸራተት በረጋ ውኃ ኃይል ይቆጥባል። ሻማል የተባለው የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ሲነሣ ግን አጫጭርና ተደጋጋሚ ሞገድ ስለሚፈጠር፣ የሚንሸራተተው ዋናተኛ በየመሐሉ ይቆማል። በዚህ ጊዜ አጠር፣ ፈጠን ያለ ቀዘፋ የተሻለ ነው። ከውኃ በላይ ክርንን አጥፎ እጅን መመለስ ለዓይን ቢያምርም እጅ ከሞገድ ጋር ይላተማል፤ ክንድን ዘርግቶ ማሳለፍ ይሻላል። ከውኃ በታች ግን ክርን ከፍ ብሎ ክንድ ውኃውን ወደ ኋላ መግፋቱ በገንዳም በባሕርም አይቀየርም።

አቅጣጫን ለማየት ጭንቅላትን ሙሉ በሙሉ ማንሣት ወገብን ያሰምጣል፤ ዓይንን ብቻ ከውኃው በላይ ብቅ አድርጎ መመልከት፣ ወዲያውም ወደ ጎን ዞሮ መተንፈስ ይበቃል። ሞገዱ ከሚመጣበት ተቃራኒ ጎን መተንፈስ እንዲቻል ሁለቱንም ጎኖች መልመድ ግድ ነው።

ማቲው ዌብ እ.ኤ.አ. በ1875 በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለውን ባሕር በደረት ቀዘፋ ለመሻገር 21 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ፈጅቶበታል። ገርትሩድ ኤደርሌ በ1926 በነፃ ቀዘፋ ከ15 ሰዓት ባነሰ ጊዜ፣ ግብፃዊው ሐሰን ዐብዱረሒም በ1950 በ10 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ተሻግረዋል። የባሕሩ ፍሰትም ድርሻ ስላለው ልዩነቱ ሁሉ የስልት ነው ማለት አይቻልም።

ያ ባሕር ግን ቀዝቃዛ ነው። በዚህ አካባቢ የሚያስፈራው ሙቀት ነው። አሜሪካዊው ፍራን ክሪፐን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 23 ቀን 2010 በፉጃይራ በተካሄደ የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር ላይ በ26 ዓመቱ ሕይወቱ አልፏል። ከዚያ በኋላ የዓለም አቀፉ ዋና ፌዴሬሽን የውድድር ውኃ ከ31 ዲግሪ እንዳይበልጥ ደንግጓል። በኩዌት ሰላጤ ደግሞ በ2020 ሐምሌ ማብቂያ 37.6 ዲግሪ ተለክቷል። በእንዲህ ያለ ውኃ ላብ ሰውነትን ስለማያቀዘቅዝ፣ በበጋው ወራት የትኛውም ስልት ለረጅም ዋና ዋስትና አይሆንም።

በቀዘቀዙት ወራት የራሱን ስልት ሊመዝን የሚሻ ዋናተኛ፣ በዳርቻው ላይ ሁለት ምልክቶችን መርጦ በመካከላቸው ስንት ጊዜ እንደቀዘፈ መጀመሪያ ላይ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላም ዳግም ይቁጠር። ሞገዱ ሳይለወጥ ቁጥሩ ከጨመረ፣ ፍጥነቱም ከቀነሰ፣ ክንዱ ውኃውን መያዝ ትቷልና በጀልባ ወደሚከተለው ጓደኛው ይጠጋ።