አጠገብህ ያለውን አሳምን

አንድ ከባድ የጭነት መኪና ከትንሽ የቤት መኪና ጋር ፊት ለፊት ቢላተም፣ በሌላው ላይ የሚበልጥ ኃይል የሚያሳርፈው የትኛው ነው? የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ የተማረ ሁሉ መልሱን በእጁ ይዟል፤ ሁለቱ እርስ በርስ የሚያሳርፉት ኃይል እኩል ነው። ትንሿ መኪና ወደ ኋላ የምትወረወረው ብዙ ኃይል ስላረፈባት ሳይሆን መጠነ ቁሷ አነስተኛ በመሆኑ ያው እኩል ኃይል ፍጥነቷን በብዙ ስለሚለውጠው ነው። ይሁን እንጂ ሕጉን በቃሉ የሚወጣው፣ ቀመሩን አስገብቶ ስሌቱን የሚጨርሰው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «የጭነት መኪናው ነዋ!» ብሎ መመለሱ በፊዚክስ ትምህርት ጥናት ደጋግሞ የታየ ነገር ነው። የአንድ የሃርቫርድ መምህር የማስተማር ዘዴ የተወለደው ከዚህ ግራ መጋባት ነው።

በኔዘርላንድስ የተወለዱት ፕሮፌሰር ኤሪክ ማዙር በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ፊዚክስን ማስተማር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። የምርምር ሙያቸው የሌዘር ብርሃን ሲሆን በመምህርነታቸውም ጥሩ ስም ነበራቸው፤ ተማሪዎቹ፣ ያውም ብዙዎቹ ወደ ሕክምና የሚያመሩ እንጂ ለፊዚክስ የተለየ ፍቅር የሌላቸው፣ በግምገማ ቅጹ ላይ ከፍ ያለ ነጥብ ይሰጧቸው ነበር። በ1990 የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲዎቹ ኢብራሂም ሃሉንና ዴቪድ ሄስቴነስ ከአምስት ዓመት በፊት ያወጡት ጥናት እጃቸው ገባ። ተማሪ ስለ ኃይልና እንቅስቃሴ ከቤቱ ይዞት የመጣው እምነት አንድ ሴሚስተር ሙሉ ተምሮም እምብዛም አይነቃነቅም፣ መምህሩ ማንም ይሁን ማን ለውጥ የለውም ይላል ጥናቱ። ማዙር የእኔ ተማሪዎች እንዲህ አይደሉም በሚል እምነት ተመሳሳይ ፈተና ሰጡ። ከተማሪዎቹ አንዱ እርስዎ ባስተማሩን መንገድ ልመልስ ወይስ እኔ እንደማስበው ብሎ ጠየቃቸው፤ ውጤቱም ጥያቄው የዋህ እንዳልነበረ አሳየ። በኋላ በአንድ ፈተና ላይ ሁለት ጥያቄ አብረው አቀረቡ። አንዱ ብዙ ስሌት የሚጠይቅ የባትሪና የሬዚስተር ዑደት ነው። ሌላው ቁጥር የለበትም፤ ተከታትለው ከተያያዙ ሦስት አምፑሎች አንዱን በአቋራጭ ሽቦ ብናልፈው የቀሩት ይደምቃሉ ወይስ ይደበዝዛሉ? ይደምቃሉ፤ ዑደቱን የሚያግደው ነገር ቀንሷልና። የመጀመሪያውን አሳምረው የሠሩ ብዙዎች በዚህኛው ተሰናከሉ። የተማሩት የጥያቄውን መልክ አይቶ የሚስማማውን ቀመር መምዘዝ ነበር፤ ለዚያ ደግሞ አምፑሉ ለምን እንደሚደምቅ ማወቅ አያስፈልግም።

ከ1991 ጀምሮ ማዙር ክፍላቸውን በሌላ መንገድ መምራት ያዙ። ተማሪው ምዕራፉን አስቀድሞ አንብቦ ይመጣል። መምህሩ አንዱን ሐሳብ ለጥቂት ደቂቃ ካብራሩ በኋላ ምርጫ ያለው አንድ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ያደርጋሉ፤ እያንዳንዱ ማንንም ሳያማክር አስቦ መልሱን ይሰጣል። በትክክል የመለሱት በጣም ጥቂት ከሆኑ መምህሩ ማብራሪያውን እንደገና ይጀምራሉ፤ ሁሉም ለማለት በሚቻል ደረጃ ከመለሱ ወደ ቀጣዩ ያልፋሉ። የመለሱት ከመቶ ከ35 እስከ 70 ገደማ ሲሆኑ ግን ተማሪው የተለየ መልስ የሰጠ ሰው አጠገቡ ፈልጎ እንዲያሳምነው ይታዘዛል። አዳራሹ ይንጫጫል። ከዚያ ድምፅ ዳግመኛ ይሰጣል፤ የመምህሩ ማብራሪያ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ማዙር ይህን የእርስ በርስ ማስተማር ዘዴ እንደ መመሪያ አድርገው በ1997 በመጽሐፍ አሳትመውታል።

ሰው ስለዚህ ዘዴ ሲያወራ ብዙ ጊዜ የሚያነሣው ጫጫታውን ነው። የዘዴው ጉልበት ያለው ግን ከጫጫታው በፊት ባለው ዝምታና በጥያቄው አመራረጥ ላይ ይመስለኛል። መልሱን አስቀድሞ ለብቻው የሰጠ ተማሪ በኋላ «እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት» ብሎ ራሱን ማታለል ይከብደዋል፤ የሚከላከለው አቋም አለው፣ ሲሸነፍም ምን ላይ እንደተሸነፈ ያውቀዋል። ስለዚህ በዩኒቨርሲቲዎቻችን «አንድ ለአምስት» ሲባል የኖረውን አደረጃጀት የሚያውቅ አንባቢ ሁለቱን አያምታታቸው፤ ተማሪን ቡድን ውስጥ ማስገባትና ተማሪን ከገዛ መልሱ ጋር ማፋጠጥ ለየቅል ናቸው። ከመምህሩ ይልቅ ጓደኛ የሚሻልበት ምክንያትም አለ። አገሩን የለመደ ሰው መንገድ ሲጠቁም ግራ የሚያጋባውን መታጠፊያ ይዘነጋል፤ ትናንት የጠፋበት ግን የት እንደሚጠፋ ያውቃል። ሐሳቡ አሁን የገባው ተማሪ ያልገባውን ጓደኛውን የሚረዳው በዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ያለ ልኬት ቢቀር ጥሩ ምኞት ብቻ በሆነ ነበር። የፊዚክስ መምህራን ተማሪው በሴሚስተሩ መጀመሪያ ካጣው ነጥብ ስንት እጁን እንዳገኘ ያሰላሉ፤ ከመቶ 40 ጀምሮ 70 የደረሰ ከጎደለው 60 ግማሹን አግኝቷል ማለት ነው። ማዙር ከካትሪን ክራውች ጋር በ2001 ባወጡት ዘገባ መሠረት በ1990 በተለመደው ሌክቸር የተገኘው 0.25 ሲሆን በ1991 ወደ 0.49፣ በ1997 ደግሞ ወደ 0.74 ከፍ ብሏል። «የሃርቫርድ ተማሪ በምንም ቢማር ያውቃል» የሚለው ተቃውሞ እዚህ ላይ ይመጣል። በ1990 በሌክቸር የተማሩትም የሃርቫርድ ተማሪዎች ነበሩ፤ ያገኙት ግን የጎደላቸውን ሩቡን ብቻ ነው። ሪቻርድ ሄክ በ1998 ከ62 ኮርሶች ከ6,000 በላይ ተማሪዎችን ውጤት ሰብስቦ ሲያነጻጽር ሌክቸር ብቻ የነበረባቸው በአማካይ 0.23፣ ተማሪውን በሥራ ያሳተፉት 0.48 አስመዝግበዋል፤ ከእነዚህም መካከል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና ኮሌጆች ይገኙባቸዋል።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው። በውይይቱ ወቅት ጎበዝ ነው የተባለው ወይም ድምፁ የጎላው ተማሪ ሌሎቹን ቢያስከትልስ? የሁለተኛው ድምፅ መሻሻል ብቻውን ለዚህ መልስ አይሆንም፤ መኮረጅም ውጤት ያሻሽላልና። በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ዘር ትምህርት መምህራን ይህን ፈትነው በ2009 ሳይንስ በተባለው መጽሔት አሳትመዋል። ከውይይቱ በኋላ በሐሳብ አንድ የሆነ፣ በመልኩ ግን የተለየ ሁለተኛ ጥያቄ አቅርበው እያንዳንዱ ለብቻው እንዲመልስ አደረጉ። ውጤቱ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ስሌታቸው እንደሚያመለክተውም ከቡድኑ አንድም ሰው መልሱን ባላወቀበት ጊዜ ጭምር ተማሪዎች ተከራክረው ወደ እውነቱ ይደርሳሉ።

«ጊዜ ይበላል፣ ኮርሱ አያልቅም» የሚለው እውነትነት አለው፤ የሚካድ አይደለም። ማዙር ያደረጉት ሐሳብን ከመጽሐፍ የመቅዳቱን ሥራ ከክፍል አውጥተው ወደ ቤት መላክ ነው፤ ተማሪው ካላነበበ ዘዴው ይንኮታኮታል፤ ስለዚህ ማንበቡን የሚያጣራ ነገር የግድ ነው። ከዚህ ይልቅ መምህሩን የሚፈታተነው የተማሪው ቅሬታ ነው። በ2019 በሃርቫርድ የመግቢያ ፊዚክስ ላይ የተደረገ ጥናት ተማሪዎችን በዕጣ ከፍሎ ያንኑ ይዘት ለአንዱ ወገን በተዋበ ሌክቸር፣ ለሌላው በሥራ አቀረበ። በሥራ የተማሩት በፈተናው በለጡ፤ ያም ሆኖ ያነሰ እንደተማሩ ተሰምቷቸዋል። ለስላሳ ገለጻ የሚሰጠውን የመረዳት ስሜት መረዳት ነው ብሎ መቀበል ቀላል ነው፤ በጥያቄ መታገል ደግሞ አለማወቅን ይመስላል። መምህርን በተማሪ ግምገማ ብቻ የሚመዝን ዩኒቨርሲቲ ይህን ቢያውቀው ምን ያደርግ ይሆን?

በመሣሪያ በኩል የሚያሳስብ ነገር የለም። ድምፅ መቀበያ ኤሌክትሮኒክስ ለሌላቸው ክፍሎች ፊደል የተጻፈበት ካርቶን ከፍ ማድረግ ይበቃል፤ ሁለቱ ሲነጻጸሩ በተማሪዎች ዕውቀት ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ውድ የሚሆነው ጥያቄው ነው። የተሳሳቱት ምርጫዎች መምህሩ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ የሚፈጥራቸው ከሆኑ ማንንም አያታልሉም፣ ክርክርም አያስነሡም። ሃሉንና ሄስቴነስ የፈተናቸውን የተሳሳቱ ምርጫዎች የለቀሙት ተማሪዎች በራሳቸው ቃል ከጻፏቸው መልሶች ነበር፤ ይህን ሥራ የሚፈልግ መምህር ደግሞ ገለጻውን ከማዘጋጀቱ በፊት የተማሪዎቹን ስሕተት አንድ በአንድ ማንበብ ይጠበቅበታል።