«እሷን ደግሞ ማን ይነካታል?»

አካል ጉዳተኛ ልጅ ያለችው ቤተሰብ ብቻዋን ትቷት ገበያ ወይም እርሻ ሲሄድ የሚጽናናበት አባባል ነው። የሚነገረው በአዘኔታ ነው፤ እውነታው ግን ተቃራኒው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አስጠንቶት በ2012 እ.ኤ.አ. ላንሴት የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት እንዳሳየው አካል ጉዳተኛ ሕፃናት ለጥቃት የሚጋለጡት ከሌሎች ሕፃናት 3.7 እጥፍ ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ወይም የአእምሮ ሕመም ላለባቸው ደግሞ የወሲባዊ ጥቃቱ አደጋ 4.6 እጥፍ ይደርሳል። ይህ እንግዲህ ከበለጸጉ አገሮች በተሰበሰበ መረጃ ነው።

ደፋሪው እሷን የሚመርጠው አትሮጥም፣ አትጮኽም፣ መልኬን አትለይም፣ ብትናገርም የሚያምናት የለም ብሎ ነው። ብዙ ጊዜም ቤት የሚገባ ሰው ነው፦ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ተንከባካቢ። ከዚህ የከፋም እምነት አለ። «እሷ ወንድ አታውቅም፤ ከእሷ ጋር የተኛ ከኤች አይ ቪ ይድናል» የሚል። ማንም በዚህ ድኖ አያውቅም፤ ቫይረሱ ግን ወደ እሷ ሊተላለፍ ይችላል።

አካል ጉዳቷን «የእናቷ ኃጢአት ነው፤ እርግማን ነው» ለሚሉ መልሱ አጭር ነው፦ ትራኮማ፣ ፖሊዮ፣ ማጅራት ገትር፣ በምጥ ጊዜ የኦክስጅን እጥረት፣ የመኪና አደጋ። ሐሜቱን የፈራች እናት ልጇን ጓዳ ትደብቃለች፤ ጓዳ ውስጥ የሚደርስባትን ደግሞ ማንም አያይም።

«መስማት የተሳናት ልጅ እንዴት ትመሰክራለች?» በምልክት ቋንቋ ትመሰክራለች። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በአንቀጽ 13፣ ፍትሕ የማግኘት መብቷን መንግሥት እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል። ፖሊስ ጣቢያው አስተርጓሚ ከሌለው ጥፋቱ የጣቢያው ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620ም በሕመም ምክንያት ድርጊቱን መረዳት ወይም መቃወም የማትችልን ሴት የደፈረ እስከ 20 ዓመት እንዲቀጣ ይደነግጋል። ስለዚህ «በሽማግሌ እንጨርሰው፤ ካሳ ይክፈል» የሚል ሲመጣ አትስሙት።

ጥቃት ከደረሰባት ገላዋንም ልብሷንም ሳታጥቡ ወዲያው ጤና ተቋም ውሰዷት። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒቱ የሚሰጠው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው።