የጠብታ ስሌት፦ ከመማሪያ ክፍል እስከ ሕፃኑ አልጋ

የነርስነት ተማሪ በክፍል ውስጥ የሚያጠናው ቀመር አጭር ነው። የሚሰጠው ፈሳሽ በሚሊ ሊትር ይያዝና በቱቦው የጠብታ ልክ ይባዛል፤ ከዚያም ለጊዜው በደቂቃ ሲካፈል በአንድ ደቂቃ ሊወርድ የሚገባው ጠብታ ይገኛል። በፈተና ላይ ስሕተት የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከማባዛትና ከማካፈል ሲሆን፣ በሕመምተኛው አጠገብ ግን ችግሩ ቁጥሮቹ ከየት እንደሚመጡ ካለማስተዋል ነው።

ለምሳሌ በክረምት ወራት በደቡብ ጎንደር ዞን፣ በደራ ወረዳ መቀመጫ በአንበሳሜ፣ ለተግባር ልምምድ የተመደበ ተማሪ በተቅማጥ ፈሳሹ እጅግ የተሟጠጠ፣ ዕድሜው 8 ወር፣ ክብደቱ 6 ኪሎ የሆነ ሕፃን ገጠመው እንበል። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ‹‹ፕላን ሲ›› መሠረት ከ12 ወር በታች ያለ ሕፃን በመጀመሪያው 1 ሰዓት በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር፣ በቀጣዮቹ 5 ሰዓታት ደግሞ በኪሎ 70 ሚሊ ሊትር ሪንገር ላክቴት ይሰጠዋል። ይህም 180 ሚሊ ሊትር በ60 ደቂቃ፣ ቀጥሎም 420 ሚሊ ሊትር በ300 ደቂቃ ማለት ነው። ቱቦው በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚያወርድ ከሆነ ውጤቱ በደቂቃ 60፣ ከዚያም 28 ጠብታ ይሆናል። በ15 ሴኮንድ 15 ጠብታ፣ በኋላም 7 ጠብታ መቁጠር በቂ ነው።

ይሁንና በእጅ የተገኘው ባለ 60 ጠብታው የሕፃናት ቱቦ ቢሆንስ? ያው 60 ጠብታ በሰዓት የሚያደርሰው 60 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ሕፃኑ ሊያገኝ ከሚገባው ሁለት ሦስተኛው ይቀርበታል። በመከታተያ ወረቀቱ ላይ ግን ‹‹60 ጠብታ›› ተብሎ ስለተጻፈ ሁሉም የተስተካከለ ይመስላል። በተገላቢጦሽ፣ በሰዓት 15 ሚሊ ሊትር የታዘዘለት ጨቅላ በባለ 20 ጠብታው ቱቦ 15 ጠብታ በደቂቃ ቢወርድለት 45 ሚሊ ሊትር ይገባበታል፤ ይህም ለሳንባውና ለልቡ አደገኛ ነው። ስለዚህ በቱቦው መጠቅለያ ላይ የታተመውን የጠብታ ልክ ሳያነቡ መጠቅለያውን መጣል አይገባም። የከረጢቱን ጽሑፍ ማንበብም እንዲሁ ነው፤ በአገራችን በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ሁሉ ‹‹ጉሉኮስ›› ይባላልና!

ሕፃኑ ከ1 ዓመት በላይ ሲሆን የመጀመሪያው ክፍል የሚሰጠው በ30 ደቂቃ ነው። ለ10 ኪሎ ልጅ 300 ሚሊ ሊትር፣ በባለ 20 ጠብታው ቱቦ በደቂቃ 200 ጠብታ ይደርሳል። ይህን በዓይን መቁጠር የሚታሰብ አይደለም። በከረጢቱ ላይ ፕላስተር ለጥፎ ፈሳሹ በስንት ሰዓት የት መድረስ እንዳለበት ምልክት ማድረግ ይሻላል። ከረጢቱ ከክንዱ በላይ ያለው ከፍታ ሲቀየር ፍጥነቱም ስለሚቀየር፣ ወደ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር በአምቡላንስ ሲላክ አስታማሚ በእጁ የያዘው ከረጢት እንደገና መቆጠር አለበት። በከፍተኛ የምግብ እጥረት ለተጎዳ ሕፃን ግን ይህ መጠን ጨርሶ አይሠራም፤ የራሱ መመሪያ አለው።

ስለ ሰዓት አጻጻፍ የሚያስተምር መምህር ያለ አይመስለኝም፤ ሆኖም ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በአገራችን አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት የሚባለው በ24 ሰዓት አቆጣጠር 08:00 ነው። አንዱ ነርስ ‹‹በ2:00 ተጀመረ›› ብሎ በአገራችን ሰዓት ቢጽፍና ሌላው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ቢያነበው ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። የዚያ ሕፃን ሕክምና በሙሉ የሚፈጀውም 6 ሰዓት ነው። ገና የተጀመረው ፈሳሽ እንዳለቀ ሊቆጠር ይችላል።

በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒትም ከዚሁ የተለየ አይደለም። 3 ኪሎ ለሚመዝን፣ በመጀመሪያው የሕይወት ሳምንት ላይ ላለ ጨቅላ ጄንታማይሲን በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ሲታዘዝ 15 ሚሊ ግራም ይሆናል። አምፑሉ በ2 ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም የያዘ ከሆነ የሚቀዳው 1.5 ሚሊ ሊትር ነው። በ2 ሚሊ ሊትር 80 ሚሊ ግራም የያዘ ከሆነ ግን 0.375 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ ለዚህም የ1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ያስፈልጋል። ሁለቱም አምፑሎች 2 ሚሊ ሊትር ስለሆኑ በመጠን ይመሳሰላሉ። ትናንት 1.5 የቀዳ እጅ ዛሬም ከባለ 80ው 1.5 ቢቀዳ ጨቅላው 60 ሚሊ ግራም፣ ማለትም የታዘዘለትን አራት እጥፍ ያገኛል፤ መድኃኒቱም ኩላሊትንና መስማትን የሚጎዳ ነው። በመሆኑም ሁለተኛው ባለሙያ የመጀመሪያውን ወረቀት ሳያይ፣ አምፑሉን በእጁ ይዞ ለብቻው ማስላት ይኖርበታል፤ ሁለቱ ቁጥሮች ካልተገናኙ መርፌው አይወጋም።