«ሃየና» የቱ ጋ ይረገጣል?

ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል ሲያጋጥመን ብዙዎቻችን የሚከብደን ትርጉሙ ይመስለናል። እኔ ግን ሐረር፣ ኤረር በር ላይ አንድ ወጣት አስጎብኚ ለፈረንጆች ሲያስረዳ ሰምቼ ችግሩ ሌላ ቦታ እንዳለ ገባኝ። ልጁ ታሪኩን ጥንቅቅ አድርጎ ያውቃል፤ ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ መመዝገቡን፣ ግንቡ ከጥንት ጀምሮ አምስት በሮች እንደነበሩት። «ፎርቲፊኬሽን» ሲል ግን ሁሉንም ፊደል እኩል ረገጣቸው። እንግዶቹ ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልገባቸውም። የልጁ እንጀራ ደግሞ በምላሱ ነው እኮ!

በእኔ ግምት ነገሩ ከፊደላችን ይጀምራል። አብዛኛው ፊደል አናባቢውን ይዞ ስለሚመጣ ሁሉንም እኩል ማንበብ ለምዶብናል። እንግሊዝኛ ግን ከረጅሙ ቃል አንዷን ቁራጭ ረገጥ አድርጎ ሌሎቹን ዋጥ ያደርጋቸዋል። ሰሚው ቃሉን የሚለየው በተረገጠችዋ ነው።

መጀመሪያ መቁረጥ ነው። እጃችሁን አገጫችሁ ሥር አድርጋችሁ ቃሉን ቀስ ብላችሁ በሉት፤ አገጭ ዝቅ ባለ ቁጥር አንድ ቁራጭ ቁጠሩ። ፎር-ቲ-ፊ-ኬይ-ሽን፣ አምስት። ከዚያ መጨረሻውን እዩ። በ«ሽን» ካለቀ የሚረገጠው ከሱ በፊት ያለው ነው፤ እዚህ «ኬይ»፣ ኢንፎርሜሽን ላይ ደግሞ «ሜይ»። በ«ኢክ» የሚያልቁትም አብዛኞቹ እንዲሁ ናቸው። ኢኮኖሚክ «ኖ» ላይ ይረገጣል፤ ኢኮኖሚ ሲሆን ግን ወደ «ኮ» ይሸሻል። አረቢክ ደግሞ «ሕጉን አልሰማሁም» ብሎ «አ» ላይ ቀርቷል።

ማታ ማታ ጅብ ሲበላ ለማየት እንግዳ በሚመጣበት ከተማ ግን ዋናዋ ቃል «ሃየና» ናት። ሃይ-ኢ-ና፤ የምትረገጠውም የምትረዝመውም መሃሏ «ኢ» ናት። «ሄሪቴጅ» ደግሞ መጀመሪያው ላይ። ለእንዲህ ዓይነቶቹ ሕግ ከመፈለግ መዝገበ ቃላት መክፈት ይሻላል። የኦክስፎርድም የካምብሪጅም ድረ ገጽ በነፃ ያሰማችኋል። ከምትረገጠው ቁራጭ በፊት፣ ከላይ በኩል፣ ትንሽ ቀጥ ያለች ጭረት አለች። ብዙ ሰው እያያት ያልፋታል።

ይህ ለእኛ ባዕድ ነገር አይደለም። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፤ ሲላላ «ገና አልመጣም» የምንለው ነው። ጽሑፉ ምንም አያሳይም፣ ጆሯችን ግን ይለየዋል። እንግሊዝኛም «ሪከርድ»ን በአንድ ዓይነት ፊደል ጽፎ፣ የተቀዳው ነገር ሲሆን መጀመሪያውን፣ መቅዳት ሲሆን ሁለተኛውን ይረግጣል። ስልካችሁ ላይ ድምፅ ለመቅዳት የምትጫኑት ቁልፍ ሁለተኛው ነው።