የጤነኛዋ ዶሮ ምስጢር

ጫጩቶቹ ከእንቁላሉ ሲወጡ ምንም ሕመም አይታይባቸውም ነበር። ላባቸው ደረቀ፣ ውሃ ጠጡ፣ ጥሬ መልቀም ጀመሩ። ጥቂት ቀን ሳይቆይ ግን ክንፋቸውን ጥለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ማሞቂያው ሥር ይከማቹ ጀመር። ኖራ የመሰለ ነጭ ኩስ ጅራታቸው ሥር ተለጥፎ እየደረቀ መውጫውን ይደፍነው ነበር፤ ሲያምጡ ድምፃቸው ከሩቅ ይሰማ ነበር። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ሞቱ በረታ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በምሥራቅ አሜሪካ ዶሮ ያረባ ሰው ይህን በሽታ በደንብ ያውቀው ነበር። «ነጭ ተቅማጥ» ይሉት ነበር፤ ሲከፋም ከአንድ ጊዜ ፍልፈላ ከግማሽ በላዩን ይጨርስባቸው ነበር።

ግራ ያጋባቸው የእናቶቹ ነገር ነበር። ፈንግል ቢሆን ትልቅ ትንሽ ሳይል ጠራርጎ ይሄዳል። እዚህ ግን ጫጩት እንደ ቅጠል እየረገፈ እናቶቹ ይበላሉ፣ ይጥላሉ፣ ኩክኒያቸውም ቀይ ነው። ስለዚህ ማንም እነሱን አልጠረጠረም። አንዱ ብርዱን አማረረ፣ ሌላው የማሞቂያውን ሙቀት፣ ሌላው መኖውን። ማስፈልፈያ መሣሪያውን የለወጠም ነበር። ጫጩቶቹ ግን መሞታቸውን አላቆሙም።

በዬል ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው የባክቴሪያ ተመራማሪ ሊዮ ሬትገር የሞቱ ጫጩቶችን እየከፈተ ማየት ጀመረ። በ1900 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከነዚህ ጫጩቶች ያገኘውን ባክቴሪያ ይፋ አደረገ፤ በኋላም ባክቴሪየም ፑሎረም የሚል ስም ተሰጠው። ገዳዩ ታወቀ። የመጣበት መንገድ ግን አልታወቀም፤ ምክንያቱም ዶሮ ነክቷቸው የማያውቅ፣ በንጹሕ መሣሪያ ውስጥ የተፈለፈሉ ጫጩቶች ሳይቀሩ ይታመሙ ነበር።

ፍንጩ ሆዳቸው ውስጥ ነበር። ጫጩት ሲፈለፈል የተረፈውን አስኳል ወደ ሆዱ አስገብቶ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመገበዋል። በታመሙት ላይ ያ አስኳል ሳይመጠጥ ተበላሽቶ ተገኘ፤ ባክቴሪያውም እዚያው ነበረ። ታዲያ እንቁላሉ ውስጥ ማን አስገባው?

ሬትገር ከስቶርስ የግብርና ምርምር ጣቢያ የዶሮ ባለሙያ ከስቶንበርን ጋር ሆኖ ወደ እናቶቹ ዞረ። ጤነኛ የሚመስሉ ዶሮዎች ሲከፈቱ ነገሩ ገሃድ ወጣ። ክብና ብሩህ ቢጫ መሆን የነበረባቸው፣ ገና በማደግ ላይ ያሉ አስኳሎች ተጨማድደው፣ ማዕዘን አውጥተው፣ ቡናማ ሆነው ተንጠልጥለዋል። ባክቴሪያው በእንቁልጢዋ ውስጥ ተደላድሎ ይኖር ነበር። ሁለቱ ይህንን በ1909 አሳተሙ። በሽታውን በጫጩትነቷ አልፋ የተረፈች ቄብ አድጋ እንቁላል ስትጥል፣ ያንኑ ሞት ለልጆቿ ታወርሳለች ማለት ነው።

በነዚያው ዓመታት በኒው ዮርክ ሜሪ ማሎን የተባለች ምግብ አብሳይ ራሷ ምንም ሳይላት የምትሠራባቸውን ቤተሰቦች በታይፎይድ ስታስይዝ ተደርሶባት ነበር። ጤነኛ መስሎ በሽታ መሸከም ለሰውም ለዶሮም እኩል አዲስ ነገር ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ ከመቶ ዶሮ ተሸካሚዋ የቷ ናት? እያረዱ ማየት አይቻልም። እንቁላሏን መመርመርም አላዋጣም፤ ተሸካሚዋ ዛሬ የተበከለ ጥላ ነገና ከነገ ወዲያ ንጹሕ ትጥላለችና። ሬትገርና ባልደረቦቹ ለጫጩቶቹ የኮመጠጠ ወተት እየሰጡም ሞከሩ። አስተዳደጋቸው አማረ፤ ተሸካሚዎቹ ግን ከመንጋው ውስጥ እንዳሉ ቀሩ።

መልሱ የመጣው ዶሮን ጨርሶ ካላሰበ ሥራ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፌርናንድ ዊዳል በ1896 የታይፎይድ ሕመምተኛ የደም ውሃ ከታይፎይድ ባክቴሪያ ጋር ሲገናኝ ባክቴሪያዎቹን እንደሚያጓጉላቸው አሳይቶ ነበር። የጫጩቶቹ ገዳይ ደግሞ እንደ ዕድል ሆኖ የታይፎይድ ባክቴሪያ የቅርብ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። በ1913 ኤፍ ኤስ ጆንስ የተባለ ተመራማሪ ይህንኑ ዘዴ በዶሮ ደም ላይ ሞከረው። ደመናማው ፈሳሽ በተሸካሚዎቹ ብልቃጥ ውስጥ ጠራ፤ ጉጉሉም ከሥር ዘቀጠ። ዶሮዋ ሳትታረድ ደሟ ተናገረ!

ችግሩ ደሙን ወደ ላቦራቶሪ ልኮ ውጤት መጠበቁ ነበር። ሃያ ዶሮ በጓሮው ላለው ሰው ይህ አይታሰብም። በሽታው ግን አልጠበቀም። ትልልቅ ማስፈልፈያዎች በዙ፤ አንድ የተበከለ ጫጩት ሲፈለፈል ብናኙ በአየር ማዘዋወሪያው ጎረቤቶቹን ሁሉ ይበክላል። ከ1918 ጀምሮ የአንድ ቀን ጫጩት በፖስታ እንዲላክ ሲፈቀድማ በሽታው የባቡር ተሳፋሪ ሆነ።

በ1920ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ የእንስሳት ጉዳይ ቢሮ ተመራማሪዎች ደሙን ሳያጣሩ፣ እዚያው ዶሮ ቤት ደጃፍ ላይ ለመመርመር ተነሡ። አንድ ጠብታ ደም፣ አንድ ጠብታ የሞተ ባክቴሪያ። ነገር ግን ጉጉሉ ነጣ ያለ በመሆኑ በቀዩ ደም ውስጥ ለዓይን አይለይም ነበር። ባክቴሪያውን አስቀድመው በክሪስታል ቫዮሌት ሐምራዊ ቀለም ሲነክሩት ነገሩ ተፈታ፤ ከተሸካሚ ዶሮ ደም ጋር ሲቀላቀል ሐምራዊ ፍርፋሪ ሆኖ ይለያያል። ይህ በ1931 ታተመ። የላቦራቶሪን ሥራ በአንዲት ቀለም ወደ ገበሬው ጓሮ ማውረድ ከመጀመሪያው ግኝት የሚያንስ ሥራ አይደለም።

ሆኖም አንዱ ክፍለ ግዛት «ንጹሕ» ያለውን ሌላው አያምነውም ነበር። በ1935 ብሔራዊ የዶሮ ማሻሻያ ዕቅድ ሲጀመር ምርመራውም ሰርተፊኬቱም ለሁሉም አንድ ሆነ። መግባት በፈቃደኝነት ነበር፤ ይሁንና ገዢዎች ሰርተፊኬት መጠየቅ ስለጀመሩ አስፈልፋዮች ገቡበት። ደሟ ሐምራዊ ፍርፋሪ ያሳየ ዶሮ ትወገዳለች፣ የቀሩት ደግመው ይመረመራሉ፣ እንዲህ እየተባለ ዓመታት አለፉ። ቀስ በቀስ በሽታው ከትልልቆቹ እርባታዎች ጠፋ።

ከጓሮ ግን ጨርሶ አልወጣም። ስለዚህም ዛሬ በአሜሪካ ጥቂት ዶሮ ያለው ሰው ለአውደ ርዕይ ሲወስዳቸው ወይም ጫጩት ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት ሲልክ ይህ ሰርተፊኬት ይጠየቃል። ፈቃድ ያለው መርማሪ ቤቱ ድረስ መጥቶ ዶሮዋን ይይዛል፣ ክንፏን ገልጦ ላባውን ገለል አድርጎ የደም ሥሯን በመርፌ ይወጋል፣ በቀጭን የሽቦ ቀለበት ደሟን ነክሮ ከሐምራዊው ጠብታ ጋር በሳህን ላይ ያማስላል። ሁለት ደቂቃ ይጠብቃል። ካልፈረፈረ ቅጹን ይፈርማል፤ ከፈረፈረ ናሙናው ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል፣ ውጤቱ እስኪመጣም ከጓሮው አንዲት ዶሮ አትወጣም።