ሲግድ አስተርጓሚ ይሻል

በአይሁድ አቆጣጠር ሔሽቫን 29፣ ከዮም ኪፑር ጀምሮ በ50ኛው ቀን፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤላውያን (ኢትዮጵያውያን አይሁድ) ሲግድን ለማክበር ኢየሩሳሌም ላይ ይሰበሰባሉ። ነጭ የለበሱ ቄሶች በኅብረ ቀለም ጥላዎች ሥር ቆመው በግእዝ ያነባሉ፤ ንባቡም ወደ አማርኛ ወይም ወደ ትግርኛ ይተረጎማል። አረጋውያኑ እጃቸውን ዘርግተው ይማለላሉ። እዚያው እስራኤል ተወልደው ካደጉት ወጣቶች ብዙዎቹ ግን በዓሉ የእነሱ መሆኑን ያውቃሉ እንጂ የሚነበበውን አይሰሙም። የእስራኤል ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ሲግድን በሕግ ብሔራዊ በዓል አድርጎታል። አይሁድነቱ ሲጠየቅ፣ የቄሶቹም ሥልጣን ወደ ጎን ሲገፋ ለኖረ ማኅበረሰብ ይህ ትልቅ ድል ነው። ሆኖም ሕግ ለበዓሉ ክብር ይሰጣል እንጂ ትርጉሙን ለልጅ አያወርስም።

ቀድሞ በኢትዮጵያ፣ ጎንደር፣ አምቦበር ላይ ምእመኑ ጾሞ ተራራ ሲወጣ፣ ቄሱ የሚተረጉሙበት ቋንቋ ልጁ ቤቱ የሚናገረው ቋንቋ ነበር። ይህ የንባብና የትርጓሜ ሰንሰለት የላላው በስደት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1985 በሱዳን በኩል በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ፣ በ1991 ደግሞ በአንድ ቀን ተኩል ከ14,000 በላይ ሰው ባጓጓዘው የሰለሞን ዘመቻ ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተሰቦች ልጆች ብዙዎቹ አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ዕብራይስጡንም ከወላጆቻቸው ቀድመው ቻሉ። ስለዚህ በሐኪም ቤቱና በባንኩ የእናት አባቱ አስተርጓሚ ልጁ ሆነ። ለእሱ የወላጆቹን ጸሎት የሚተረጉምለት ግን አልተገኘም።

አንዳንዶች፣ ቋንቋ ቢቀየር ሃይማኖቱ አይጠፋም ይላሉ። እውነት አላቸው፦ የቀደሙት አባቶች ይናገሩት የነበረው የአገው ቋንቋ ዛሬ በጸሎቱ ውስጥ በቅሪት ብቻ ይገኛል፤ እምነቱ ግን ዘልቋል። የዘለቀው ግን ቋንቋው በተቀየረ ቁጥር ንባቡን አውቆ ለሕዝቡ የሚያስረዳ ቄስ ስለተተካ ነው። ሌሎች ደግሞ፣ ኢየሩሳሌም ከተገባ በኋላ እሷን የመናፈቅ ጾም ምን ያደርጋል ብለው ይጠይቃሉ። ሲግድ ናፍቆት ብቻ አይደለም፤ ሕዝቡ የሲናን ቃል ኪዳን የሚያድስበት ቀን ነው። ኪዳን ደግሞ ሀገር በመግባት አያበቃም።

ትርጉሙ ለልጆች እንዴት ይተላለፍ ለሚለው መልሱ በራሱ በበዓሉ ንባብ ውስጥ አለ። በሲግድ የሚነበበው የነህምያ መጽሐፍ ከምርኮ ስለተመለሰ ሕዝብ ይናገራል፦ ዕዝራ ሕጉን ሲያነብ ሌዋውያኑ ሕዝቡ እንዲያስተውል ያስረዱ ነበር። ንባብና ማስረዳት ያኔም አልተነጣጠሉም። እንግዲህ ግእዙ ይነበብ፣ አማርኛውና ትግርኛው ይቀጥል፣ ዕብራይስጡም ይጨመር፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ወጣቶች በቄሶች እግር ሥር ተቀምጠው ንባቡንና ትርጓሜውን ይማሩ። ጎንደር ላይ የተማሩት ቄሶች እያረጁ ነው፤ ዛሬ ያልተጠየቁትን ነገ የሚመልስ አይኖርም።