የሳምንቱ ቀኖችና ሃያ ሁለቱ ፍጥረታት

አማርኛን የሚማር የመንግሥት ሠራተኛ አስቀድሞ ከሚያጠናቸው ቃላት መካከል የሳምንቱ ቀኖች ስሞች ይገኛሉ፤ ያለ እነርሱ ቀጠሮ መስጠትም ሆነ ስብሰባ መጥራት አይቻልምና። ሆኖም እነዚህ ስሞች ለቀጠሮ ብቻ የቆሙ አይደሉም። እግዚአብሔር ዓለምን በስድስት ቀን ፈጥሮ በሰባተኛው ቀን ዐረፈ የሚለውን የክርስቲያኖች እምነት በየዕለቱ የሚያስታውሱ ናቸው።

እስቲ አንድ በአንድ እንመልከታቸው። «እሑድ» በግዕዝ አንደኛ ማለት ሲሆን ፍጥረት የተጀመረበት ቀን ነው። «ሰኞ» ሁለተኛ የሚል ትርጓሜ ካለው «ሰኑይ» ከሚለው የግዕዝ ቃል የተገኘ ነው። «ረቡዕ» አራተኛ፣ «ኀሙስ» አምስተኛ ማለት ነው። ሦስተኛውን ቀን ግዕዝ «ሠሉስ» ይለዋል፤ ትግርኛም ይህንኑ ስም ጠብቆ ይዞታል፤ አማርኛ ግን የሰኞ ማግስት ለማለት «ማክሰኞ» ብሎ ሰይሞታል። «ዓርብ» የፀሐይን መግባት ከሚያመለክት ግሥ ጋራ የተዛመደ ስለ ሆነ የሰንበት ዋዜማ መሆኑን ይነግረናል። «ቅዳሜ» ደግሞ ቀዳሚት ሰንበት ከሚለው አነጋገር የመጣ ነው።

የኢትዮጵያና የኤርትራ ኦርቶዶክስ ሊቃውንት በእነዚህ ስድስት ቀኖች ውስጥ 22 ፍጥረታት እንደ ተፈጠሩ ያስተምራሉ። አቈጣጠሩም እንዲህ ነው። በእሑድ ስምንት ተፈጠሩ፤ እነርሱም አራቱ ባሕርያት፣ ማለት እሳት፣ ነፋስ፣ ውሃና መሬት፣ ከእነዚህም ጋራ ጨለማ፣ ሰማያት፣ መላእክትና ብርሃን ናቸው። በሰኞ አንድ፣ ይኸውም ጠፈር ተፈጠረ። በማክሰኞ ሦስት፤ በእጅ የሚለቀሙ አትክልት፣ በማጭድ የሚታጨዱ አዝርዕት፣ በምሳር የሚቈረጡ ዛፎች። በረቡዕ ሦስት፤ ፀሐይ፣ ጨረቃና ከዋክብት። በኀሙስ ከውሃ የተገኙ ሦስት ወገኖች፤ በልባቸው የሚሳቡ፣ በእግራቸው የሚሄዱ፣ በክንፋቸው የሚበሩ። በዓርብም ከምድር የተገኙ እንደዚሁ ሦስት ወገኖች ተፈጠሩ፤ ከሁሉም በኋላ ሰው ተፈጠረ። ድምሩ 22 ይሆናል።

ይህ ቍጥር የሚገኘው በመጽሐፈ ኩፋሌ ነው። መጽሐፉ በጥንት ዘመን በዕብራይስጥ የተጻፈ ሲሆን ሙሉ ይዘቱ ተጠብቆ እስከ ዛሬ የደረሰው በግዕዝ ብቻ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ ባሉት ዋሻዎች ከተገኙት ጥንታዊ ጽሑፎች መካከል የዕብራይስጡ ቍርጥራጮች ተገኝተዋል። ስለዚህ የግዕዝ ጸሐፊዎች ለዓለም ጠብቀው ያቈዩት ነገር ቀላል አይደለም።

ይኸው እምነት የዘመን መለወጫን ቀን ለማወቅም ያገለግላል። በባሕረ ሐሳብ ትምህርት ከዓለም መፈጠር እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ይቈጠራል። ለምሳሌ የ2017ን ዓመት ብንወስድ፣ 5500 ሲጨመርበት 7517 ይሆናል። ይህም ለአራት ሲካፈል 1879 ደርሶ አንድ ስለሚተርፍ ዓመቱ ዘመነ ማቴዎስ ተባለ። ሁለት ቢተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ በሆነ ነበር። ደግሞም 7517ና 1879 ሲደመሩ 9396 ይሆናሉ፤ ይህ ለሰባት ሲካፈል ሁለት ይተርፋል። ቈጠራው ከማክሰኞ ስለሚጀምር ሁለተኛው ቀን ረቡዕ ነው። በእርግጥም መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ረቡዕ ዋለ።

እንግዲህ በዚህ ስፍራ ብዙ ወላጆችን የሚያስጨንቅ ጥያቄ ይነሣል። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የምድር ዕድሜ 4 ቢሊዮን ተኩል፣ የመላው ዓለም ዕድሜ ደግሞ 13 ቢሊዮን ከ800 ሚሊዮን ዓመት ያህል መሆኑን ተምሮ ይመጣል። በቤተ ክርስቲያን ግን ከ7500 ጥቂት የሚበልጥ ዓመት ሲቈጠር ይሰማል። «አባባ፣ የማንን ልመን?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ይመለስለታል? «አስተማሪህ ውሸታም ነው» የሚል አባት ልጁን ከዕውቀት ያስፈራዋል። «የአያቶችህ ነገር ተረት ነው» የሚልም ከቤቱ ሥር ይነቅለዋል።

ጥያቄው ግን አዲስ አይደለም። ከ354 እስከ 430 ዓ.ም. የኖረው የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ ቅዱስ አውግስጢኖስ፣ ፀሐይ የተፈጠረችው በአራተኛው ቀን መሆኑን ተመልክቶ፣ እነዚያን ቀኖች እንደ ዛሬው ፀሐይ ወጥታ እንደምትገባበት ቀን ብቻ አድርጎ መረዳት እንደማይገባ ጽፏል። ስለ ፍጥረት ሳያውቅ በድፍረት የሚናገር ክርስቲያን እምነቱን መሳለቂያ እንደሚያደርግም አስጠንቅቋል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1927 ዓ.ም. ዓለም እየሰፋ የሚሄድ መሆኑን የጻፈው፣ በ1931 ዓ.ም. ደግሞ ሁሉ ከአንድ ታናሽ መነሻ እንደ ተጀመረ አሳብ ያቀረበው ቤልጅጋዊው ሊቅ ዦርዥ ለሜትር የካቶሊክ ካህን ነበር። እርሱም ይህን አሳብ ለሃይማኖት ማስረጃ አድርጎ ማቅረብን አልወደደም፤ ሳይንስና እምነት ወደ እውነት የሚያደርሱ ሁለት ልዩ ልዩ መንገዶች ናቸው ይል ነበር።

በሌላ በኩል ስድስቱን ቀኖች እንደ ተጻፉ የሚቀበሉ ምእመናን ብዙዎች ናቸው። ሁለቱ ወገኖች በዓመቱ ቍጥር ቢለያዩም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም ዓለም ባለቤት አለው፤ ሰው ግን ባለአደራ ነው የሚለው ነው። የ22ቱ ፍጥረታት ተራም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ቤቱ ከተሠራ፣ ማዕዱም ከቀረበ በኋላ እንደሚጠራ እንግዳ፣ ሰው በመጨረሻ መጣ። የሚበላው አዝርዕት፣ የሚጠለልበት ዛፍ፣ የሚጠምደው በሬ ሁሉ በዕድሜ ይቀድሙታል። እንግዳ ደግሞ ያልሠራውን ቤት አያፈርስም።

ይህ እምነት ከሁሉ ይልቅ የሚፈተነው በየቤታችን ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 20 የሰንበት ዕረፍት ምክንያቱ የስድስቱ ቀን ፍጥረት እንደ ሆነ ተነግሯል። ያ ዕረፍት የተሰጠውም ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ለልጆቹ፣ ለአሽከሩና ለገረዲቱ፣ በደጁ ላለው መጻተኛ፣ ለከብቱም ጭምር ነው። እንግዲህ ጌታው በሰንበት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ በሶፋው ላይ ሲጋደም፣ የቤት ሠራተኛዪቱ ግን ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ከምድጃው ሥር የማትነሣ ከሆነች፣ በዚያ ቤት ስለ ሥነ ፍጥረት የሚነገረው ቃል ከንፈር ላይ የቀረ ነው።

ስለዚህ ልጁ ሲጠይቅ አባትና እናት አይቈጡት። የሳይንሱን ትምህርት በትጋት ይማር፤ የ22ቱንም ፍጥረታት ስም ከእሑድ ጀምሮ በቃሉ ይጥና። የዓመታቱን ነገር ዕድሜው ሲበስል ራሱ እያመዛዘነ ይመረምረዋል። ነገር ግን ዓለም ፈጣሪ አለው ብለው የሚያምኑ ወላጆቹ በሰንበት ቀን ለሠራተኛዪቱ ዕረፍት ሲሰጧት፣ በዚያም ቀን ሳህኑን ራሳቸው ሲያጥቡ ይይ። ልጅ ከሰማው ይልቅ ያየውን አይረሳምና።